ይታይሽ፣ ባለቤት የሌላት

ሰው በወረቀት ላይ ከብት ሆኖ ሲጻፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ያውም ማኅተም ያለበት። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ማንበብ አልችልም፤ ግን ሦስት ሰው በየተራ አስነብቤዋለሁ፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት ነው ያነበቡልኝ። «ይታይሽ፣ ባለቤት የሌላት፣ ከመንጋ ተለይታ እንድትወገድ» ይላል። ይታይሽ ላም አይደለችም። ይታይሽ አበልጄ ናት፣ ትንሿን ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝ ሴት ናት። ነገሩ ዓመት አልፎታል፤ እኔ ግን ዛሬም ሳነሳው ደሜ ይፈላል።

እኔ እንየው ነኝ። ከጥርባ እስከ ግምጃ ቤት በገበያ ቀን ስሜን ጠይቁ፣ የማያውቀኝ ካለ እሱ እንግዳ ነው። ጥር ሃያ ሦስት እንጅባራ ላይ ፈረስ ሲጋለብ አርባ ዓመት ከፊት ነበርኩ። ዳማ ፈረሴ የሞተ ጊዜ ሰው ንፍሮ ይዞ ሊያስተዛዝነኝ መጥቷል። ይሄን ያነሳሁት ለመመካት አይደለም፤ ስለ ከብት ስናገር ከማን አፍ እንደምትሰሙ እንድታውቁ ነው። ነገሩ የሆነበትን ከተማ ግን ስሙን አልጠራም፣ ከሰው ያጣላኛል። አንድ ሰፊ መንገድ፣ ብዙ ባጃጅና ሁለት ግቢ ያለው ከተማ ነው በሉት። ሁለቱን ግቢ አስታውሱልኝ፣ በኋላ እመጣበታለሁ።

ይታይሽ ወደኛ መንደር የመጣችው ከጥርባ ወገን ነው፣ ከሐይቁ አጠገብ። ገበየሁ ሊያገባት ሲል ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሦስት ሆነን ነው የሄድን፣ የተናገርኩት ግን እኔ ነኝ። አባቷ ጆሯቸው ከባድ ነበርና ጮክ ብዬ ስናገር፣ ከሐይቁ ማዶ ያለው ሰው ልጅቷ መታጨቷን ከናቷ ቀድሞ ሰማ። ደህና ትዳር ሆነ፣ እኔ የተናገርኩበት ትዳር ፈርሶ አያውቅም።

ክንዷ ረጅም ነው። ለማማት አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከክንዷ ስለሆነ ነው። በመጣች በሁለተኛው ዓመት የአማቷ ላም ምጥ ይዟት የጥጃው እግር ታጥፎ አልወጣ አለ። ወንዶቹ ዙሪያውን ቆመን ምክር እንሰጣለን። የእኔ ምክር ጥሩ ነበር። ሙሽራዪቱ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ክንዷን ቅቤ ተቀብታ እስከ ትከሻዋ አስገባች። ዓይኗን ጨፍና ለላሟ በአገውኛ ታወራላታለች። ትንሽ ቆይታ እግሩን አቃናችና ጥጃውን በሕይወት አወጣችው። ከዚያ ቀን ወዲህ በሦስት መንደር ላም ባማጠች ቁጥር የምትጠራው ይታይሽ ናት። ዋጋ አትቀበልም። እንገር ብቻ፣ ላም እንደወለደች የምትታለበውን ያንን ወፍራም ወተት፣ አንድ ቅል ይሰጧታል። እሱንም ለጎረቤት ታካፍላለች።

«ለላም ለምንድን ነው በአገውኛ የምታወሪ?» ብዬ ጠይቄያታለሁ።

«አማርኛ የስብሰባ ነው፣ አባ እንየው። ላም ስብሰባ አትወድም» አለችኝ።

ገበየሁ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። የከሰል ዛፍ ሲቆርጥ ዛፉ ወደቀበት። የዚያን ዛፍ ነገር ከጀመርኩ አላበቃም። ከአዲስ ቅዳም ወገን ጀምሮ ሰው ሁሉ ማሳውንም ግጦሹንም ዛፍ አለበሰው፤ ከሰል አከሰለበት፣ ቆርቆሮ ቤት ሠራበት፤ ደግ። ከብቱንስ የት ያሰማራው? የሦስት መንደር ከብት አንዲት መስክ ላይ ተፋፍጎ፣ አንዱ የላሰውን ሌላው ይልሳል። ይሄን በስብሰባ ተነስቼ ተናግሬያለሁ። «ጋሽ እንየው፣ አስተያየትዎን ተቀብለናል» አሉኝ። ተቀብለው የት እንዳኖሩት እግዜር ይወቅ።

ብቻ ገበየሁ ሞተ። በኛ ዘንድ ባል ቢሞትም ቤቱ ስሙን አይጥልም። ማሳው የገበየሁ ማሳ፣ ደጁ የገበየሁ ደጅ፣ ላሟም የገበየሁ ላም ነው የምትባል። ላሟ ደግሞ ስሟ እመቤት ነው። በሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን ስለተወለደች ነው። የደብራችን ቄስ ምህረቴ ተቆጥተው ነበር።

«ላም እመቤት ትባላለች?» አሏት።

«እመቤት አልኩ እንጂ እመቤቴ አላልኩም፣ አባ» አለቻቸው።

ቄሱ እርጎው ሲላክላቸው ግን ስሟን ሳያነሱ ጠጡት።

እመቤት ስሟ ተጠርቶ ካልተለመነች ወተት አትለቅም። ይታይሽ ጎንበስ ብላ «እመቤት፣ የገበየሁ እመቤት» ስትል እኔ ደጅ ድረስ ይሰማል። ቆንጆ ላም ነበረች። የእኔን ያህል ባይሆንም።

አሁን አንድ ነገር ልናገር ነው፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ። ያን በሽታ ወደ መንደራችን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ዳንግላ ገበያ ወርጄ ድቅል ላም ገዛሁ፣ ግማሽ ጎኗ የፈረንጅ ዘር የሆነች። ጡቷ መሬት ይጠርጋል። ሻጩን ለምን ትሸጣታለህ ብዬ አልጠየቅኩትም። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው እንግዲህ ለእኔ ነው። ወደ ቤቴ ስነዳት በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሁለት ጊዜ አዞርኳት፤ መንገዱ በዚያ ስለሆነ አይደለም። እርጉዝ ነበረች። በመስከረም፣ ለመውለድ ሁለት ወር ሲቀራት፣ ጥጃውን ሞቶ ጣለችው። የእንግዴ ልጁም አልወርድ አለ። ይታይሽን ጠራኋት፣ መጣች። ማጭድ የቆረጣት ጣት ነበራት፣ በጨርቅ ጠቅልላዋለች። ጨርቁን ፈታ እጇን አስገባች። ያንን የሚሸት ነገር እየገነጠለች አወጣችልኝ። እኔ ደግሞ የሞተውን ጥጃ ጅብ ይብላው ብዬ ከምንጩ በላይ ካለው ሸለቆ ወረወርኩት። ውሻ ጎትቶ ምንጩ አፍ ድረስ እንዳመጣው ያየሁት በሦስተኛው ቀን ነው። መንደሩ ሁሉ ከዚያ ምንጭ ነው የሚቀዳ፣ ከብቱም ከዚያ ነው የሚጠጣ።

እስከ ኅዳር ድረስ ስድስት ላም ጨነገፈ። ከስድስቱ አንዷ እመቤት ናት። የሁሉንም የእንግዴ ልጅ ያወረደው ያ ረጅም ክንድ ነው።

ከዚያ ይታይሽ ራሷ ታመመች። ወደ ማታ ያተኩሳታል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ጠዋት ደህና ትመስላለች። ጠዋት ያያት ሰው «ምን ሆነሽ ነው የተኛሽ?» ይላታል። ወገቧ ተቆረጠ፣ ጉልበቷ ከዳት። ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ታይፎይድ ነው አሏት፣ ኪኒን ሰጧት። ዞራ ሄደች፤ ታይፎይድና ታይፈስ ነው አሏት። አምስት ጊዜ ሄደች፣ አምስት ጊዜ ታይፎይድ። በኛ አገር ራስህን ቢያምህ ታይፎይድ ነው፣ ጉልበትህን ቢያምህ ታይፎይድ ነው፣ ከሚስትህ ብትጣላም ታይፎይድ ሳይሆን አይቀርም። ጠበል ገባች፣ ቀለል አላት፣ ደግሞ ተነሳባት። ከነዚያ ሁሉ ነጭ ለባሾች አንድም ሰው፣ አንድም እላችኋለሁ፣ «እናቴ፣ ከብት አለሽ ወይ? ጨንግፎብሽ ነበር ወይ?» ብሎ አልጠየቃትም።

ሁለቱ ግቢ ያልኳችሁ እዚህ ላይ ነው። ጤና ጣቢያውና የከብት ክሊኒኩ ጎን ለጎን ናቸው። በመካከላቸው የሽቦ አጥር አለ፣ በር የለውም። በዚያኛው ግቢ መዝገብ ላይ ስድስት ያስወረዱ ላሞች ተጽፈዋል። በዚህኛው ግቢ መዝገብ ላይ የስድስቱን ላሞች ሆድ የዳበሰች አንዲት ትኩሳታም ሴት ተጽፋለች። ከመዝገብ እስከ መዝገብ ሃያ እርምጃ ነው። እኔ ለክቼዋለሁ። በአጥሩ ሥር ዶሮ ትሾልካለች፣ ወሬ ግን አይሾልክም።

በየካቲት አንድ ነጭ መኪና መጣ። በጎኑ የተጻፈውን አስነበብኩ፤ «አንድ ጤና» ይላል። ከአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት የመጡ ተማሪዎች ናቸው፣ ምርምር ላይ ነን አሉ። አለቃቸው እንዳልካቸው የሚባል ለስላሳ ልጅ ነው። ከእኔ አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ።

«አባቴ፣ የሰው ጤና፣ የከብት ጤና፣ የውሃና የመሬቱ ጤና አንድ ገመድ ነው። ባንዱ ጫፍ ከሳቡት ሌላው ጫፍ ላይ ይሳባል።»

«ይሄን አባቴም ነግረውኛል፤ እሳቸው ግን መኪና አልነበራቸውም» አልኩት።

ሳቀ። በልጁ አልተቀየምኩም። የእመቤትን ደም ቀዱ፣ ምንጩን በጠርሙስ ቀዱ፣ የይታይሽንም ደም ቀዱ። ወደ እኔ ደጅ ሲመጡ «የእኔ ላም ደሟ ለወረቀት አይፈስም» ብዬ መለስኳቸው። ለምን እንዲያ እንዳልኩ እናንተ ታውቃላችሁ። ላሜ ዳግም አርግዛለች፣ ድፍን መንደሩ ደግሞ ያቺን ላም ሳዞራት አይቷል።

ደሙ ሲቀዳ ቆሜ ነበር። አንዱ ይወጋል፣ አንዱ ይጽፋል። የሚጽፈው ልጅ ከወረቀቱ ቀና አይልም።

«ስም?» አለ።

«እመቤት» አለች ይታይሽ፣ የላሟን ቀንድ ይዛ።

«ባለቤት?»

«ገበየሁ።»

ጻፈ። ብልቃጡ ላይ ለጠፈና በረዶ ካለው ሳጥን ውስጥ ከተተው። ቀጥላ እሷ ክንዷን ዘረጋች፣ ወጓት።

«ስም?»

«ይታይሽ።»

«ባለቤት?»

ስምንት ዓመት ሙሉ ያንን ጥያቄ ማንም አልጠየቃትም ነበር።

«የለኝም» አለች።

ይሄንንም ጻፈ።

እስቲ ፍረዱ። ባለቤት ማለት ለላም ጌታዋ ነው፣ ለሴት ባሏ ነው፤ ያው አንድ ቃል ነው። ወረቀቱም አንድ፣ ሳጥኑም አንድ፣ ደሙም ሁሉ ቀይ። ደሙ የተላከለት ሰው እዚያ ተቀምጦ ምን ብሎ ያንብበው? እመቤት፣ ባለቤቷ ገበየሁ፤ ይቺ ባለትዳር ሴት ናት። ይታይሽ፣ ባለቤት የላትም፤ ይቺ ባለቤት ያጣች ላም ናት። ያ ሁሉ «አንድ ጤና» አንድ የሆነው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

«ውጤቱ በሁለት ሳምንት ይደርሳል» ብሎን ነበር እንዳልካቸው። መጋቢት ወጣ፣ ሚያዝያ ወጣ፣ ግንቦት ወጣ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ነገሩ። በሰኔ ይታይሽ ከመደቧ መነሳት ተሳናት። የሰው ላም ሆድ ውስጥ የታጠፈ እግር የምታቃና ሴት፣ የራሷን ወገብ ማቃናት አቃታት። ሚስቴ ስሜነሽ በቀን ሁለት ጊዜ እየሄደች አጥሚት ታጠጣታለች። አንድ ቀን እኔ ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ተኝታለች።

«አባ እንየው፣ ወደ ገበየሁ ልሄድ ነው መሰለኝ» አለችኝ።

«በማን ተራ ነው የምትሄጂ? እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ?» አልኳት።

አፌ ይቀልዳል እንጂ ያ ጥጃና ያ ጨርቅ ከዓይኔ አይጠፋም።

በሐምሌ፣ ዝናቡ ሲያወርደው፣ ምንይችል መጣ። ምንይችል የከብት ክሊኒኩ ሠራተኛ ነው፣ ወጣት ነው። ገመድ በትከሻው አድርጓል፣ በእጁ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብዳቤ ይዟል። እኔ ከይታይሽ ደጅ ነበርኩ።

«ጋሽ እንየው፣ እንዴት ዋሉ? ይታይሽ የምትባለዋ የታለች?» አለኝ።

«ታማ ተኝታለች።»

«እሱማ ደብዳቤውም ይላል። በእግሯ መሄድ ትችላለች ወይስ ጋሪ ልጥራ?»

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። በዕድሜዬ መንግሥት በሽተኛ ፍለጋ ጋሪ ልጥራ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ። ወዴት ነው የምትወስዷት?»

«ወዴትም አንወስዳትም፣ ከመንጋው ራቅ አድርጌ ላስራት ብዬ ነው። ከዚያ ጉድጓድ ይቆፈራል» አለኝ። «ተዋጊ ናት እንዴ? ብቻዬን ነኝ።»

ዝናቡ አሳስቶ ያሰማኝ መሰለኝ። ይሄኔ ይታይሽ ከውስጥ ድምፃችንን ሰማች።

«ማንን ነው የሚፈልገው?»

«ይታይሽን ይላል» አልኳት።

«እኔ ነኝ። ግባ ልጄ፣ ዝናብ አይምታህ» አለችው።

ምንይችል ገመዱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። እሷን አየ፣ ደብዳቤውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ገመዱን ከትከሻው አውርዶ ከኋላው ደበቀው።

ደብዳቤውን አስነበብኩት። ማንበብ አልፈለገም፣ ከዘራዬን መሬት ላይ መታሁና አነበበው። የውርጃ በሽታ ተገኝቶባታል፣ ባለቤት የሌላት ስለሆነች ቢሮው ራሱ ያስወግዳት ይላል። አንብቦ ሲጨርስ ላቡና ዝናቡ አልለይ አለው።

«እንግዲያ እመቤት ገበየሁ ማናት?» አለኝ ቀስ ብሎ። «በጤና ጣቢያው በኩል ከግንቦት ጀምሮ እመቤት ገበየሁ የምትባል ሴት ስትጠራ በአጥሩ እሰማለሁ። መድኃኒቷ ተዘጋጅቶ የሚያውቃት ጠፋ። በገበያ ቀን ሁሉ አስነግረዋል።»

ከጓሮ እመቤት ስሟን ሰምታ እምቧ አለች።

እኔ በዕድሜዬ ብዙ ተቆጥቻለሁ። ውሃ ስለጠለፈብኝ ሰው ስድስት ወር አኩርፌያለሁ። እንደዚያ ቀን ያለ ቁጣ ግን አላውቅም። ሦስት ወር ሙሉ መድኃኒቱ ከሳጥን ተቀምጧል፣ ሴትዮዋ ከመደብ ተኝታለች፣ እነሱ በገበያ መሀል ላም ይጠራሉ።

በማግስቱ ጠዋት ይታይሽን ሁለት ጋቢ አልብሼ ቡላ ፈረሴ ላይ አወጣኋት። እመቤትን በገመድ ያዝኩ። ምንይችልን «ቀድመህ ሂድና ያንን የደም ውጤት ይዘህ ከአጥርህ ሥር ቁም» አልኩት። ጤና ጣቢያው በር ስንደርስ ዘበኛው ደሴ እጁን ዘረጋ።

«ጋሽ እንየው፣ ላም አይገባም።»

«ላም አይደለችም። እመቤት ገበየሁ ናት። ከግንቦት ጀምሮ ስትጠሯት ከርማችሁ ይኸው መጣች። ካርዷን አውጡላት።»

በር ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሳቀ። አንዲት አሮጊት «እሷም ብትሆን ወረፋ ትያዝ» አለች። በሳቁ መሀል ነርሷ ሰርክአዲስ ወጣች።

«ጋሼ፣ ምን ዓይነት ቀልድ ነው ይሄ?»

«ቀልዱ የእናንተ ነው። ላሟ ናት የእኛ» አልኳት።

ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳት። ስለ ዳማ ፈረሴም ትንሽ ነገርኳት፣ ነገር ሲጀመር እንዲያ ነው። ሰርክአዲስ እኔን ትታ ወደ ፈረሱ ሄደች፣ የይታይሽን እጅ ይዛ፣ ግንባሯን ዳሰሰች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«እናቴ፣ ላም ስታዋልጂ ነበር?»

«ሠላሳ ዓመት» አለቻት ይታይሽ።

አያችሁ? ጥያቄው ይሄን ያህል አጭር ነበር።

ሰርክአዲስ ልቧ ደግ ነው፣ እጇ ግን የታሰረ ነው። «መድኃኒቱ የወጣው በእመቤት ገበየሁ ስም ነው። ጠንካራ መድኃኒት ነው፣ የሚሰጠው በውጤት ነው። ይታይሽ የሚል ውጤት ደግሞ እኔ ጋ የለም» አለችኝ።

«የት ነው ያለው?»

በአገጯ ወደ አጥሩ አመለከተች። ሁላችንም፣ ወረፋ የያዘው በሽተኛ ሳይቀር፣ ወደ አጥሩ ሄድን። ምንይችል ከማዶ ወረቀቱን ይዞ ቆሟል።

«በል አሳልፈህ ስጣት» አልኩት።

«ጋሽ እንየው፣ ከቢሮ ወደ ቢሮ ወረቀት በዞን በኩል ነው የሚሄድ፣ በደብዳቤ። ይሄ ደግሞ የእንስሳ ተብሎ ገቢ ሆኗል። ብሰጥ እጠየቃለሁ።»

«በዞን በኩል ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አንድ ወር። ቢፈጥን።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሞኙንም ወረቀቱንም ባንድ ሰው እጅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ክንዴን እንዳላነሳ ይታይሽ ከፈረሱ ላይ ታየኛለች። ስለዚህ የእመቤትን ገመድ ከአጥሩ ምሰሶ ላይ አሰርኩትና «እንግዲያው ሁለቱም ግቢ እስኪስማሙ እዚሁ ትደር» ብዬ ቁጭ አልኩ። ተንኮል አላሰብኩም። ምሰሶው መበስበሱን አይቻለሁ፣ ያንን አልክድም።

ይታይሽ ከፈረሱ ላይ ሆና አንዲት ነገር ተናገረች፣ በአገውኛ፣ ዝግ ብላ። በመስክ ላይ ላም ወደ ቤት ስትጠራ የምትላት ነገር ናት። እመቤት ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ወደ እሷ ዞረች፣ ተራመደች፣ ገመዱ ሲይዛት አንገቷን ጣል አድርጋ ሳበች። ምሰሶው ከሥሩ ተነቀለ። ሽቦው ተንጋሎ ሜዳ ላይ ተኛ። ምንይችል አጥር የሌለው ሰው ሆኖ ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ።

ሰርክአዲስ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ሽቦውን ተራመደችው። ወረቀቱን ከእጁ ወሰደች፣ እሱም እምቢ አላለም። ቁጥሩን አነበበች፣ ደግማ አነበበች።

«ይሄ ታይፎይድ ሆኖ አያውቅም» አለች።

መርፌ ለሰባት ቀን፣ ኪኒን ለስድስት ሳምንት። ሰባቱን ቀን በፈረሴ ያመላለስኳት እኔ ነኝ፣ በዚያ ጭቃ። በሁለተኛው ሳምንት ላቡ ቆመ። በአራተኛው ከደጇ ወጥታ ፀሐይ ሞቀች። ለመስቀል በእግሯ ደመራ መጣች፣ ልብሷ ሰፍቷት።

አጥሩን ግን በሳምንቱ አጠሩት። አዲስ ምሰሶ፣ አዲስ ሽቦ፣ እሾህ ጨምረውበት። መድኃኒት ከሣጥን ለማውጣት ሦስት ወር፣ ሽቦ ለመወጠር ስድስት ቀን። በር አልተውለትም። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ምራቄን እተፋለሁ።

እመቤትም ዳነች እንዳትሉ። ምንይችል በእጁ ደሟን ደግሞ ቀድቶ አስመረመረ፣ አለባት። ለላም መድኃኒት የለውም። ምትክ የሚሰጥ ቢሮም የለም፤ አስወግዱ የሚል ደብዳቤ ብቻ ነው ያላቸው። ጎረቤቱ «ግምጃ ቤት ገበያ አውጥተሽ ሽጫት፣ ማን ያውቃል?» አላት።

«እና ሌላዋ ይታይሽ ትግዛት?» አለቻቸው።

ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። እኔ ግን ገባኝ።

ምንይችል ሥጋው በደንብ ከበሰለ አይጎዳም ቢልም አልበላም አለች። ከምንጩ በታች፣ ራቅ ብሎ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ኖራ ተነሰነሰበት። የዚያን ቀን ጠዋት አላለበቻትም። አጠገቧ ጎንበስ ብላ ስሟን ብቻ ጠራቻት።

ጥቅምት ላይ ያቺ የእኔ ድቅል ወለደች። ጥጃዋ አለች፣ ደከም ያለች ናት። የእንግዴ ልጁ አልወረደም። አንድ ቀን ጠበቅሁ፣ ሁለተኛ ቀን መሽተት ጀመረ። በይታይሽ ደጅ ሦስት ጊዜ አልፌ ተመልሻለሁ፤ በአራተኛው ገባሁ።

«ይታይሽ፣ ላሜ ወልዳለች። የእንግዴ ልጁ እምቢ አለ።»

«ደሟ ተመርምሯል?»

በከዘራዬ መሬቱን ጫርኩ።

ተነሳች። ከጓዳ ገብታ፣ ሰርክአዲስና ምንይችል አፈላልገው የሰጧትን እስከ ትከሻ የሚደርስ ረጅም ጓንት ይዛ ወጣች። እኔ ከፊት እሷ ከኋላ ሆነን ወደ ጋጣዬ ሄድን። ልቤ ረጋ፤ መጣችልኝ አልኩ። ጋጣው በር ላይ ስንደርስ ግን ቆመች። ጓንቱን በዚያ ረጅም ክንዷ ዘርግታ ሰጠችኝ።

«ይልበሱ፣ አባ እንየው።»

«እኔ?»

«ባለቤቷ ማን ነው?» አለችኝ።

እኔ፣ እንየው። ሚስቴ ስሜነሽ ከኋላ ቆማ ሳቋን በነጠላዋ ያዘች። አርባ ዓመት ከፊት የጋለብኩ ሰው፣ ጓንቱን ለበስኩ፣ አስገባሁ። ክንዴ አጭር ነው፤ ፊቴ ከላሟ ጭራ ጋር ተጣበቀ። ይታይሽ ከበሩ አልፋ አንድ እርምጃ አልገባችም። «ወደ ግራ ይበሉ። አይጎትቱ። ቀስ ብለው ይፈልቅቁ» እያለች ታዘኛለች። ለላሟ በአገውኛ እያባበለች፣ ለእኔ በአማርኛ።

የወጣውን ነገር ራሴ ቀበርኩት፣ ከምንጩ ርቄ፣ ወገቤ ድረስ ቆፍሬ። በማግስቱ ምንይችል ብልቃጡንና ወረቀቱን ይዞ መጣ። እኔ ነኝ ያስጠራሁት።

«ስም?» አለኝ።

«ስም አላወጣሁላትም። ላም በልና ጻፍ።»

«ባለቤት?»

«እንየው» አልኩት። «ጎላ አድርገህ ጻፈው። የላሟ ጌታ እንጂ የማንም ባል እንዳይመስላቸው።»